ኪሲንግ ጎራሚ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ያዙ

ዛሬ ጠዋት ትልቋን ዓሣዬን ለካኋት። ማስመሪያውን ከውጭ መስታወቱ ላይ ያዝኩና ቆስጣዋን ልትግጥ እስክትጠጋ ጠበቅሁ። 19 ሴንቲ ሜትር ሆናለች። ጥር 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስገዛት 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር። የሸጠልኝ ልጅ ምን አለኝ መሰላችሁ? «አይዞህ፣ ከዚህ ብዙም አያድጉም። ጣት ቢያክሉ ነው።» አመንኩት። ሦስት ገዛሁ።

ያን ቀን እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ መጀመሪያ ገንዳውን አሠርቼ ዓሣውን ከዚያ በኋላ እገዛ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው። የሱቁን ስም አላነሳም። የምገመግመው ዓሣውን ነው፤ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ከኖረ በኋላ።

መጠኑን እናስቀድም። ኪሲንግ ጎራሚ፣ «ሳሚው ጎራሚ» እንደማለት፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። ታይላንድ፣ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቀስ ብሎ በሚሄድ ወንዝና ሣር በበዛበት ረግረግ ይኖራል። እዚያ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰዎቹም አጥምደው ይበሉታል። ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ይበላል እንዴ?» ሲሉኝ «በአገሩስ ይበላል እማማ» ያልኳቸው እውነቴን ነው። ቤት ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው፤ ሰፊ ቦታ ካገኘ ያልፋል። ሱቅ የምናየው ሮዝ የሆነው ለቀለሙ ተመርጦ የተራባ ነው፣ ዱር ያለው ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርማ ነው። ሁለቱም አንድ ዓሣ ናቸው። ድብልብል ብሎ አጭር የሆነም ይሸጣል። እሱ አካሉ እንዲያጥር ሆን ተብሎ የተራባ ስለሆነ እኔ አልመክርም።

ዕድሜውንም አስቡት። በደንብ ከተያዘ 10 ዓመት ይዘልቃል፣ ከዚያ በላይ የሚኖርም አለ። ልጄ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ናት። ከእነዚህ ዓሦች ጋር 12ኛ ክፍል ልትደርስ ትችላለች።

የመጀመሪያው ገንዳዬ 60 ሊትር ነበር። ለጥቂት ወራት በቃ። ዓመት ሲሞላቸው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኑ፣ ከዚያ በኋላ አንዷ ለመዞር ስትሞክር ጭራዋ መስታወቱን ሲመታ ማየት ያሳዝነኝ ጀመር። ውሃውም ቶሎ ይቆሽሻል፤ ብዙ የሚበላ ዓሣ ብዙ ያቆሽሻል። በመጨረሻ መስታወት ቤት ሄጄ ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ከፍታው 50፣ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሠራሁ። 300 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 300 ኪሎ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ብየዳ ቤት የብረት መቆሚያ አዘዝኩ። ለዚህ ያወጣሁት ብር ከዓሦቹ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ትክክለኛው የኪሲንግ ጎራሚ ዋጋ ይህ ነው፣ ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ አይደለም።

አሁን ወደ መሳሳሙ። ሰው ይህን ዓሣ የሚገዛው ለዚህ ነው፣ እኔም ለዚህ ነው የገዛሁት። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ወፍራም ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። አንዳንዴ ወዲያው ይላቀቃሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየገፋ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይወስደዋል። ባለቤቴ ዘመድ በመጣ ቁጥር «ኑ ፍቅር እዩ» ትል ነበር። ፍቅር አይደለም። ጉልበት መለካካት ነው። የገፋው ቦታውን ይይዛል፣ የተገፋው ይሸሻል። ያንኑ ከንፈር ድንጋይና መስታወት ላይ የያዘ አልጌ ለመፋቅም ይጠቀሙበታል፤ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉት ከንፈሩ ላይ ነው። መስታወቱን ስትስም ካያችኋት እየበላች ነው ማለት ነው።

ግጥሚያው ራሱ ብዙ ጊዜ አያቆስልም። የሚጎዳው ሁልጊዜ የሚሸነፍ ሲኖር ነው። ከሦስቱ አንዷ ትንሽ ነበረች። 60 ሊትሩ ውስጥ ሳሉ ሁለቱ ተራ በተራ ያባርሯት ነበር፣ እሷም ፊልተሩ ጀርባ ተወሽቃ ትውላለች፣ ምግብ ስጥል አትወጣም፣ ክንፏም ጫፍ ጫፉ ተበጣጥሶ ነበር። ቶሎ አለመለየቴ ዛሬም ይቆጨኛል። በኋላ ሸዋ ሮቢት ያለ ጓደኛዬ ወሰዳት። የቀሩት ሁለቱ ትልቁ ገንዳ ከገቡ ወዲህ ይገጥማሉ፣ ይላቀቃሉ፣ እያንዳንዱ ወደ ጥጉ ይሄዳል። ቦታ ሲሰፋ ጠባያቸውም ይሰፋል።

ከሌላ ዓሣስ ጋር? እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ዓይነት ነገር ይነግሯችኋል። አንዱ ሰላማዊ ነው ይላል፣ ሌላው ረባሽ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኩያው ከሆነና ፈጠን ካለ ዓሣ ጋር ችግር የለውም። ቀርፋፋና ጎኑ ሰፊ የሆነ ዓሣ ከሆነ ግን መከራ ነው። እኔ ኤንጅል ፊሽ ጨምሬ ነበር። ጎራሚዎቹ ጎኗን እንደ ድንጋይ ይፍቁት ጀመር። የዓሣ ገላ ላይ የሚያሟልጭ ሽፋን አለ፣ ከበሽታ የሚከላከለው እሱ ነው፤ እሱን ልጠው ቆዳዋ እስኪቀላ አልተዋትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለይቼ አወጣኋት። ጋፒንና ሌሎች ትንንሽ ዓሦችን ደግሞ በምግብ ሰዓት ይገፏቸዋል፣ ጫጩቶቻቸውንም ይበሉባቸዋል። ጎልድፊሽ አብራችሁ አታስገቡ፤ እሱ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፣ ጎራሚው ሞቅ ያለ፣ አንዱን ስታስደስቱ ሌላውን ትጎዳላችሁ።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ዋናው ጉዳይ ብርዱ ነው። ይህ ዓሣ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ እንዴት እንደሚያደርገን ታውቁታላችሁ። ያለ ማሞቂያ አይታሰብም። እኔ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ባለ 200 ዋት ገዛሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እስኪነጋ ያቆየዋል። ቴርሞሜትርም ለየብቻ ግዙ፣ የማሞቂያውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ፣ በላዩ ጋቢ አክላለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሰው ብቻ ሳይሆን ዓሣም ያድናል። 300 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ትልቅ ገንዳ እዚህም ይጠቅማል። 60 ሊትሩ ግን አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲያድር 17 ዲግሪ ወርዶ አገኘሁት። ከታች ተጋድመው ነበር። ልቤ ወጣ። ቀስ እያልኩ ሳሞቀው ተነሡ።

አንድ ትልቅ ጥሩ ጎን አለው፣ አየር ይተነፍሳል። ከስንጥቡ በላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ለዚህ የተሠራ አካል አለው፣ ብቅ ብሎ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይጎርሳል። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፊልተሩም የአየር ፓምፑም ይቆማል። ሌላው ዓሣ ሲጨነቅ ጎራሚው ይችለዋል። ግን ክዳን ይኑራችሁ። ከላይ የሚጎርሰው አየር ከውሃው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ያለው መሆን አለበት።

ምግብ ቀላል ነው። የሱቁን ደረቅ ምግብ ይበላል፣ ቆስጣ፣ ዝኩኒ፣ ተቀቅሎ የተላጠ አተር ይወዳል። ለስላሳ ተክል ካስገባችሁ ይግጠዋል፤ እኔ ጋ የተረፉት ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ብቻ ናቸው። ውሃ በየሳምንቱ ሩቡን እቀይራለሁ፣ የቧንቧውን በበርሜል አሳድሬ፣ አሙቄ።

እንግዲህ ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ 300 ሊትር ገንዳ የሚችል ቦታና ብር ካላችሁ ግዙ፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ወደ ገንዳው ስጠጋ ያውቁኛል፣ ልጄ ጣቷን መስታወቱ ላይ ስታደርግ ሁለቱም መጥተው ከንፈራቸውን ይለጥፋሉ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳትሄድ ሳታያቸው አትወጣም። ትንሽ ገንዳ ብቻ ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ። «እስኪያድግ በትንሹ ልያዘውና ከዚያ እናያለን» አትበሉ፣ ያድጋል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያድጋል።

ገዝታችሁ ካደገባችሁ ደግሞ እባካችሁ እዚሁ ደብረ ብርሃን ባለው የበሬሳ ወንዝ አትጣሉት። ብርዱ ይገድለዋል፣ ቆላ ወንዝ ውስጥ ቢጣል ደግሞ የአገሩን ዓሣ ይሻማል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ሙቀቱ ለጎራሚ እንደተሠራ ነው፤ ጓደኛዬ ማሞቂያውን የሚያበራው አልፎ አልፎ ነው። ያቺ ክንፏ ተበጣጥሶ የነበረችው እሱ ጋ 17 ሴንቲ ሜትር ደርሳለች፣ ክንፏም መልሶ በቅሏል። ለአንድ ሌላ የሚሆን ቦታ አለኝ ብሎኛል።