የድሮ ሃይሉክስ ካምቢዮ ዘይት ማንጠባጠብ፦ ቡናማው ኦሪንግ ከጥቅምት እስከ ሰኔ

ፍርዱን ላስቀድም፦ ይሠራል። የአሮጌዋ ሃይሉክሴ (የቶዮታ ፒካፕ) ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗ፣ የኪሎሜትር ገመዱ በሚገባበት በኩል ለዓመታት ዘይት ስታንጠባጥብ ኖራለች። ጥቅምት ላይ ቫይተን ከሚባለው ሙቀት የሚችል ጎማ የተሠራ ቡናማ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ከውስጠኛዋ ትንሽ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ) ጋር ቀየርኩላት። አሁን ሰኔ ነው፣ ቦታው ደረቅ ነው። ግን ኦሪንጉ ብቻውን አይደለም ያዳናት። ምስጋናውን የሚጋራው ሌላ ነገር አለ፣ እመጣበታለሁ።

መኪናዋ ናፍጣ ናት፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ፣ የፍጥነት መቁጠሪያዋ በገመድ የሚዞር። ሥራዋ ከድሬዳዋ ሲሚንቶ ጭና ሐረር መውጣት፣ ስትመለስ ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ይዛ መውረድ ነው። መንገዱ 50 ኪሎሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። መሐል ላይ የደንገጎ ዳገት አለ። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሙቀት፣ ከፊት ደግሞ የማያሳልፍ ከባድ መኪና።

ይህን ያወራሁት ለወግ አይደለም። መኪና ዳገት ስትወጣ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ኋላ ይሰበሰባል። የኪሎሜትር ገመዱን የሚያዞረው ጥርስ ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ካምቢዮው ጭራ ላይ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ኦሪንጉና ሲሉ ሙሉ በሙሉ የጋለ ዘይት ውስጥ ይነከራሉ። ቁልቁል ስትወርድ ዘይቱ ወደ ፊት ይሄድና ማፍሰሱ ቀነስ ይላል። ሐረር ደርሳ ስትቆም ሥሯ የምትተወው ነጠብጣብ ድሬ ከምትተወው የሚበልጠው ለዚህ ነበር።

ዘይቱ መውጫ ሁለት መንገድ አለው። ካምቢዮው ውስጥ የሚዞረው ዘንግ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ያዞራል፣ ጥርሷ ገመዱን ታዞራለች። ጥርሷ የተቀመጠችው በአንድ ቡሎንና በትንሽ ላሜራ በተያዘች ቱቦ መሳይ መያዣ ውስጥ ነው። በመያዣዋ ውጪ በኩል የሚወጣውን ዘይት የሚያግደው ኦሪንጉ ነው። በውስጥ በኩል፣ የጥርሷን እግር ተከትሎ ሾልኮ የሚወጣውን የምታግደው ትንሿ ኦይል ሲል ናት። ብዙ ጋራዥ ኦሪንጉን ቀይሮ ሲሏን ይተዋል፣ ምክንያቱም ከመያዣዋ ውስጥ ጎልጉሎ ማውጣቷ ያሰለቻል።

የትኛው እንደሚያፈስ ለማወቅ ቀላል ነው። አካባቢውን በናፍጣ አጥበህ አድርቀው፣ ትንሽ ነድተህ ተመለስና የገመዱን ራስ ፍታ። ገመዱ ውስጥ ዘይት ካለ ሲሏ አልቃለች። የኔ ገመድ በዘይት ተሞልቶ ነበር። እንዲያውም ዘይቱ በገመዱ ሽቅብ ወጥቶ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ፍሪሲዮን የምረግጥበት ምንጣፍ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የካምቢዮ ዘይት ሽታ ደግሞ አይረሳም፣ ድኝ ስላለበት የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው። ግንቦት ላይ መስኮት ዘግተህ መንዳት በማይታሰብበት ከተማ እንኳ ይሸታል።

አንድ መካኒክ፣ ስሙን ልተወው፣ «አቦ ሲሊኮን ለጥፍበት፣ ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር። ቀደም ሲል ሌላ ሰው የለጠፈው ሲሊኮን እዚያው ነበር፣ ዘይቱ በሥሩ መንገዱን አበጅቶ ያልፋል። ዘይት በነካው ብረት ላይ ሲሊኮን አይይዝም። ቢይዝም የውስጡን መንገድ አይዘጋም።

አሮጌው ኦሪንግ ሲወጣ ክብ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጎንና ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ሳጎብጠው እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰነጠቀ። ተራው ጥቁር ጎማ እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመቸው፣ ከዚያ በላይ ሲቆይ ይደርቃል። ቫይተን እስከ 200 አካባቢ ይችላል። ድክመቱ ብርድ ነው፣ ከዜሮ በታች 20 አካባቢ ሲደርስ ይደነድናል። ድሬ ላይ ይህን የሚፈራ ካለ ይንገረኝ።

ዋጋው ከተራው ብዙ እጥፍ ነው። ሆኖም ኦሪንጉና ሲሏ ተደምረው የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይሞሉም። ችግሩ መገኘቱ ነው። ሲሏን እዚሁ መለዋወጫ ሱቅ አገኘሁ፣ ኦሪንጉን ግን ከአዲስ አበባ፣ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ በሰው አስመጣሁ። ሰው ስትልክ ልኩን ከአሮጌው ኦሪንግ ላይ አትውሰድ፣ እሱ ተጨፍልቋል። የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ በካሊፐር ለካ። ቀለሙንም አትመን፦ ቡናማ ሁሉ ቫይተን አይደለም፣ ጥቁር ቫይተንም አለ። የፍሬን ጎማ ደግሞ በፍጹም አታስገባ። የፍሬን ጎማ ለፍሬን ዘይት የተሠራ ነው፣ የካምቢዮ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ሌላው የኛ ሰው ልማድ ጎማ በላይተር እያቃጠሉ መፈተሽ ነው። ቫይተን ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ክፉ መርዝ ነው፣ ተዉት።

ሥራው ራሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው። የኋላውን በክሪክ ከፍ አድርገህ በደንብ ካስደገፍከው ዘይቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብዙም አይፈስም። ሲሏ ስትገባ ስፕሪንግ ያለበት ፊቷ ወደ ካምቢዮው ይዙር። ኦሪንጉን ዘይት ቀብተህ በእጅ እያሽከረከርክ አስገባው። መዶሻ ካነሳህ ይቆረጣል። የጥርሷን እግር በጥፍርህ ዳስሰው፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ሲልም አያድናትም፣ ጥርሷን ራሷን ቀይር። ገመዱን መዝዘህ በላምባ እጠበው፣ ከዚያ ታችኛውን ክፍል ብቻ ሳሳ አድርገህ ግሪስ ቀባው። የላይኛው ጫፍ ከተቀባ ግሪሱ ቆጣሪው ውስጥ ይገባል።

አሁን ያቆየሁት ነገር። ካምቢዮው ላይ መተንፈሻ አለ፣ ቆብ ያላት ትንሽ ቀዳዳ። የኔዋ በአቧራና በዘይት ተጋግራ ድርቅ ብላ ተዘግታ ነበር። ካምቢዮ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ መተንፈሻው ከተዘጋ በደከመው በኩል ዘይቱን ገፍቶ ያስወጣል። ይህ ሳይጸዳ የወርቅ ኦሪንግ ብታስገባም ያፈሳል። በላምባ አጥቤ በአየር አስነፋኋት። ከዚያ ወዲህ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር አያታለሁ፣ በተለይ ከአቧራው ወራት በኋላ።

ታዲያ ከእነዚህ ወራት በኋላ ምን አለ? የመያዣዋ ዙሪያ ደረቅ ነው፣ በጣት ስነካው አቧራ ብቻ ነው የሚይዘኝ። የምንጣፉ ሽታ ጠፍቷል። የፍጥነት ቀስቷ 40 ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁን ረግታ ትቆማለች። ይህ ግን የገመዱ መታጠብ ሥራ ይመስለኛል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35ን ሲያልፍ፣ ሲሚንቶ ጭና ደንገጎን ስትወጣ ትንሽ ወዝ ታየኛለች ብዬ ነበር። አልታየችም። በጎን ያለውን የዘይት መሙያ ቡሎን ስፈታ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል ነው፣ እንደሞላሁት።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ኦሪንጉ ከተራው ጠጠር ስለሚል መያዣዋን ለማስገባት ክንድ ይጠይቃል። ጥርሷ ካልገጠመች እንዳትገፋ፣ ትንሽ አዙረህ ሞክር።

ቆጣሪው አሁንም እውነቱን አይናገርም። የጎማዋ ስፋት 185 ነበር፣ ወደ 195 ቀይሬዋለሁ። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ይበልጥ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀስቷ ከትክክለኛው ፍጥነት 2 ወይም 3 በመቶ ዝቅ ብላ ነው የምታሳየው። ያ የሲል ጉዳይ አይደለም፣ የጥርስ ቁጥር ጉዳይ ነው። ጥርሶቿ በአንድ የሚያንሱ የገመድ ማዞሪያ አግኝቼ እስክሞክር ድረስ ትራፊክ ፊት ትንሽ ዝቅ አድርጌ እነዳለሁ።