ደሴ ላይ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የምንከራየው አዳራሽ

አዳራሹ ከደሴ ፒያሳ ብዙም አይርቅም፣ ከአንድ መካከለኛ ሆቴል ጀርባ ነው። ከመንገድ አይታይም፤ በሆቴሉ ግቢ አልፋችሁ፣ መኪና ማቆሚያውን ዞራችሁ ነው የምትገቡት። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ መጋረጃው አርጅቷል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። እኔ ግን በከተማው ካየኋቸው አዳራሾች ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ። ቁልፉን ከዋዜማው ማታ ይሰጡናል፤ እስክንጨርስም ድረስ ዕቃችንን ማንም አይነካብንም።

ስብሰባ ለሚጠራ ሰው ይህ ቁም ነገር ላይመስለው ይችላል። የእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ የምንሰባሰብ የታሪክና የጨዋታ ወዳጆች ነን። ጦር ሜዳውን ጠረጴዛ ላይ እንሠራለን፤ ኮረብታው ከፎም ይቆረጣል፣ ወንዙ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ሠራዊቱ የተቀባ ቆርኪ ነው። በሜትር እየለካን እናንቀሳቅሳለን፣ የተኩሱን ውጤት በዳይስ እንለያለን፣ ክርክር ሲነሣ ዳኛ ይፈርዳል። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሺያው መኮንን ራይስቪትስ አባቱ የጀመረውን ጨዋታ አሻሽሎ በ1፡8000 ካርታ ላይ በትናንሽ ብሎኮች እንዲጫወቱት አድርጎ ሲያቀርብ፣ የጦሩ አለቆች ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አድርገው ነው የተቀበሉት። የዛሬው ትልቁ የአሜሪካኖች የጨዋታ ጉባኤ ጄን ኮንም እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀመር በዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ50 ዶላር በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ትንሽ ከተማና ርካሽ አዳራሽ ለዚህ ሥራ አያንሱም።

ችግሩ ዝግጅቱ ነው። የመቅደላን ጠረጴዛ ብቻ ብንወስድ፣ በመቅደላ ዙሪያ ያሉትን ፋላንና ሰላምጌን፣ አምባውንም በየቦታቸው አስቀምጦ፣ የአሮጌን ሜዳ ዘርግቶ፣ ቆርኪዎቹን በየአለቃቸው ደርድሮ ለመጨረስ ማታውን ሙሉ ይፈጃል። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ገብቶ ይህን እሠራለሁ የሚል ሰው ጨዋታውን ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። ከዚህ በፊት የተከራየነው ሌላ አዳራሽ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ዓርብ ማታ ሁሉን ደርድረን ሄድን። ጠዋት ስንመለስ ለሥልጠና ይፈለጋል ተብሎ ጠረጴዛው ተነሥቷል፣ ቆርኪው በሙሉ ባንድ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሟል። የእንግሊዝም የቴዎድሮስም ወታደር ተደባልቆ። ይቅርታ የጠየቀን ሰው እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ ስጠይቅ ከዋጋው በፊት የማነሣው የዓርብን ማታ ነው።

እዚህ ባለቤቷ ራሳቸው ቆልፈው ቁልፉን ለእኛ ይሰጡናል። ሁላችንም እታለም ነው የምንላቸው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ለምን እንደምንፈልገው ስንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ያየነው ጦርነት አልበቃ ብሎ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ይገባል። ደሴ በ2014 ያሳለፈችውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከተጫዋቾቻችንም መካከል ወንድም የቀበረ አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የያዝነውን ደንብ ነገርኳቸው፦ ጣሊያን ከወጣበት ከ1933 ወዲህ ያለ ማንኛውም ጦርነት ጠረጴዛችን ላይ አይወጣም። እናቱ የምታለቅስለትን ልጅ በቆርኪ አንጫወትበትም። እታለም ዝም ብለው ሰሙ፣ ከዚያ «እንግዲያስ አብሽሩ፣ ግቡ» አሉን። ይህንን ደንብ ሌሎች አሰናጆችም ቢይዙት ደስ ይለኛል፤ በተለይ በእኛ አገር።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። አዳራሹ ያለው ጠረጴዛ እንደ ሁሉም ሆቴል ጠባብና ረጅም ነው፤ ሁለቱን ብታገጣጥሙ መሐሉ ላይ ስንጥቅ ይቀራል፣ ጨርቁ ይረግባል፣ ኮረብታው ይዘምማል። ደግሞም ሁለቱ ሲገጠሙ በጣም ይሰፋሉ። ለዚህ ጨዋታ ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ከሁለቱም ወገን የቆመ ሰው እጁ መሐል ድረስ መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ በክርኑ ግማሽ ጦር ይገለብጣል። እኛ ኮምፔንሳቶ ገዝተን ላዩ ላይ እናነጥፋለን። አንዱ ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ነው፤ 183 ላይ ስታስቆርጡት ልኩ ይመጣል፣ የተረፈው 61 ሴንቲ ሜትር ዳይስ መጣያና ደብተር ማስቀመጫ ይሆናል። ይህን ኮምፔንሳቶ እታለም ዓመቱን ሙሉ በመጋዘናቸው ያስቀምጡልናል፣ ለዚያ አንድ ብር አይጠይቁም። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ጣሪያ ጭኖ መምጣት ቀርቶልናል።

መብራቱ ደካማ ጎኑ ነው። አምፖሎቹ መሐል ለመሐል ተሰልፈው ዳር ዳሩ ጨለማ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ግድግዳው ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ቀይና ቡናማ ቆርኪ አይለይም። የራሳችሁን የሚሞላ መብራት ይዛችሁ ሂዱ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ቶሎ ያስነሣሉ፣ በዚህ አልወቅሳቸውም። ሌላው ቆርቆሮው ነው፤ ኮርኒሱ ስስ ስለሆነ የበልግ ዝናብ ሲመታው የዳኛው ድምፅ አይሰማም። እኛ ጥቁር ሰሌዳ አቁመን ተራውንና ሰዓቱን በጠመኔ እንጽፋለን።

ቀኑን መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ደሴ ላይ አዳራሽ አይታሰብም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ሰርግ ይቆማል፣ አዳራሹም ይረክሳል። ሰሞኑን ግን ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገናኝ፣ ጾሞ የዋለ ሙስሊም ወንድማችንን ሙሉ ቀን ቁም ማለት አይሆንም። ስለዚህ ከኢድ አልፈጥር በኋላ፣ ከፋሲካ በፊት ያለችውን ክፍተት እንይዛለን። በ2017 ለምሳሌ ኢዱ መጋቢት 21 ገደማ፣ ፋሲካው ሚያዝያ 12 ዋለ፤ መሐሉ ሰፊ ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ክፍተቷም ቦታ ትቀይራለች። ከኢድ በኋላ ደግሞ የሙስሊሙ ሰርግ አለ። ባለፈው ዝግጅታችን አንድ ሰርገኛ ቤተሰብ ቅዳሜ ማታን ፈልጎ ከእኛ ኪራይ በላይ አቀረበ። እታለም አዳራሹን አልሰጡም፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን አስተክለው እዚያ አስተናገዱዋቸው። ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ፣ የእኛ ጠረጴዛ ግን እንደተዘረጋ አደረ።

በዚያው ቅዳሜ የተጫወትነው የአሮጌን ውጊያ ነበር፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ ስቅለት ዕለት የተደረገውን። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከ13,000 ወታደርና ከ44 ዝሆን ጋር የመጣበትን ዘመቻ ማንም ያውቃል፤ ፈጣን ጠመንጃና ሮኬት ይዞ ለመጣ ጦር ሜዳ ላይ ማሸነፍ አያስቸግረውም። «ማን አሸነፈ» ብለን ብንጫወት የቴዎድሮስን ወገን የሚመርጥ አይገኝም። እኛ ግን የፊታውራሪ ገብርዬን ዓላማ መለኪያ አደረግነው። ገብርዬ ከአምባው የወረደው የጠላትን ጓዝና በቅሎ ለመያዝ ነበር፤ ስለዚህ ቆርኪዎቹ ስምንተኛው ተራ ሳያልፍ አንድ የበቅሎ ጭነት ከነኩ ነጥቡ የእነሱ ነው። የሐይቁ ልጅ የገብርዬን ቆርኪ ከቁልቁለቱ ግርጌ አድርሶ ዳይሱን በእጁ እንደጨበጠ ቡና አፍይዋ «ቶና ደርሷል» አለች። ሁሉም ዳይሱን አስቀምጦ ሄደ። ደንብ ነው፤ ሲኒ ወደ ጠረጴዛው አይመጣም፣ ሰው ነው ወደ ረከቦቱ የሚሄደው። ተመልሶ ዳይሱን ጣለ፣ አምስት ወጣለት፣ በቅሎዋን ነካ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ።

እታለም ራሳቸው ቆመው ያዩት የሰገሌን ጠረጴዛ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበትን። የአይጠየፍ፣ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ አገር ሰው ሰገሌን ዝም ብሎ አያልፍም። «ንጉሡ ልጃቸው ልጅ እያሱ እስኪደርሱ ቢጠብቁስ ኖሮ?» እያሉ ዳኛውን ወጥረው ያዙት፤ እኛም ጨዋታውን በሚቀጥለው ቀን እሳቸው ባሉት መንገድ ደገምነው።

ምግቡ ጥሩ ነው። ለጾመኛው በየዓይነቱና ተጋቢኖ፣ ለሙስሊሙ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የመጣ ጥብስ፤ ድስቱም ማዕዱም የተለያየ ነው፣ ሳንጠይቃቸው ያውቁታል። ለዙሁር ሰላት ጎን ያለችውን ክፍል ያነጥፉልናል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው የምንጀምረው። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ግን አንዳንዴ በባልዲ ነው።

ኪራዩ ለሁለቱ ቀን፣ ከነዓርብ ማታው፣ 12,000 ብር ነበር፤ ግማሹ ቀብድ። ከተጫዋቹ መዋጮ ሰብስበን ነው የምንከፍለው፣ ጄኔሬተሩም በዚያው ይካተታል። የቼዝ ውድድር ወይም የመጽሐፍ ውይይት ለምታሰናዱም ይሆናል። ለትልቅ ሰርግ ግን ይጠባል። መያዝ የምትፈልጉ ከጥር በፊት በአካል ሂዱ፤ ቢቻል ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ባለበት ቀን፣ መብራቱን አስበርታችሁ ከግድግዳው ጥግ ቁሙና እዩት። ውል ስትጽፉም የዓርብ ማታውን ሰዓት በጽሑፍ አስገቡ፤ እታለም ቅር አይላቸውም።