የካፓሲተሩ ፎይል ወደየት ይዙር?

የፊልም ካፓሲተር (ስስ ፕላስቲክና ፎይል፣ ማለትም ስስ ብረት፣ አብሮ ተጠቅልሎ የተሠራ ቻርጅ መያዣ) ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የለውም፤ ገልብጣችሁ ብትገጥሙትም ይሠራል። ግን አንዱ እግሩ የተያያዘው ከውጪ ከተጠቀለለው ፎይል ጋር ነው። ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

በቱቦ አምፕሊፋየር (ድምፅን በቫኪዩም ቱቦ የሚያጎላ መሣሪያ) ውስጥ ይህ ፎይል ወደ ቀጣዩ ቱቦ ግሪድ (ሲግናሉ ወደሚገባበት እግር) ከዞረ እንደ አንቴና የመብራቱን 50 ኸርዝ ይለቅማል። ግሪዱ ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለው ተቃውሞ) ከፍተኛ ስለሆነ ትንሿ ረብሻም ጎልታ ትወጣለች፤ ስፒከሩ «እምምም» ይላል። ወደ ፊተኛው ቱቦ ፕሌት (ሲግናሉ ወደሚወጣበት እግር) ሲዞር ግን ኢምፒዳንሱ ዝቅ ስለሚል ረብሻው ይዳከማል፤ ፎይሉም ለውስጠኛው ከለላ ይሆናል። እኔ ሁሌም ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

የውጪውን ፎይል እግር ያሳያል ተብሎ ካፓሲተሩ ላይ የተሰመረውን መስመር አትመኑ፣ በአዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ ለጌጥ ያህል ነው። ካፓሲተሩን ከሰርኪዩቱ አውጥታችሁ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ሰኩት፣ አካሉን በጣት ጨበጥ አድርጉ፣ ከዚያ እግሮቹን አቀያይሩ። ረብሻው ባነሰበት አያያዝ፣ ከኦሲሎስኮፑ ግራውንድ ጋር የተያያዘው እግር የውጪው ፎይል ነው።