ለምንጭ ዳር የትኛው ይሻላል፤ ቄጠማ ወይስ ቬቲቨር?

በድሬዳዋ ዙሪያ አፈር እንዳይሸረሸር ሣር መትከል ሲታሰብ፣ የአገሩ ቄጠማ እና ከሕንድ የመጣው ቬቲቨር በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም።

ቄጠማ ሣር ቢመስልም ከሣር ወገን አይደለም። አገዳውን በሁለት ጣት ይዘው ቢያሽከረክሩት ሦስት ጠርዞቹ አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ ሲቆርጡትም ውስጡ ባዶ ሳይሆን በነጭ ለስላሳ ነገር ተሞልቶ ይገኛል። ከዓመት ዓመት የሚያኖረው በጭቃው ውስጥ አግድም እየሄደ አፈሩን እንደ መረብ የሚይዘው የምድር ውስጥ ግንዱ ስለሆነ፣ ለበዓልና ለቡና ጉዝጓዝ ከላይ ቢታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ ሲነቀል ግን የምንጩ ዳር ይራቆታል፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ቬቲቨር በአንጻሩ ሥሩን እስከ 3 ሜትር ድረስ ወደ ታች ይሰድዳል፣ ድርቅን ይችላል፣ በዘርም አይዛመትም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ቄጠማ አይጸናበትም። ለዚያ ዳርቻና ከበላዩ ላሉት ተዳፋቶች ቬቲቨርን እመርጣለሁ፤ እርግጥ ያን የመሰለ ጎርፍ በሣር ብቻ አይገታም።

ውኃ ዓመቱን ሙሉ በሚያዥበት የምንጭ ዳር ግን ቄጠማውን ነቅሎ ቬቲቨር መተካት ስሕተት ነው። የሚሻለው ያለውን ከከብት ኮቴ መከለልና፣ ሲያጭዱም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ማስቀረት ነው።