ከቆርቆሮ ስር የሚነጠፍ ፎይል የምትገዙ ተጠንቀቁ!

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው።

ሱሉልታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ቀን ቆርቆሮ ስር መቀመጥ አይቻልም፣ ሌሊት የእንጦጦ ጀርባ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ቆርቆሮው አልቦት ጠብታው አልጋ ላይ ይወርዳል። ዕቁብ ሲወጣልኝ፣ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ያንን የሚያብረቀርቅ ፎይል ላስነጥፍ ብዬ ሄድኩ። የሱቁን ዓይነት መንገር አያስፈልገኝም። ፊት ለፊት ቀለምና ሚስማር፣ ጓሮ ጥቅል፣ በር ላይ «እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?» የሚል ልጅ። ያው ነው።

ናሙናውን ከባንኮኒው ላይ አንስቶ አሳየኝ። ወፈር ያለ ስፖንጅ፣ ግራና ቀኙ አሉሚኒየም። አምፖል አብርቶ በእጄና በአምፖሉ መሃል ያዘው። ሙቀቱ ቀረ። እዚህ ላይ አልዋሸም፤ ንጹህ አሉሚኒየም የሙቀት ጨረርን ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በካሬ እንቀንስልዎታለን» አለኝ። እምቢ ብዬ በደረሰኝ ከፈልኩ። ጥቅሎቹ በጥቁር ላስቲክ እንደታሸጉ ተጫኑ።

አናጺው የመጀመሪያውን ሲፈታ «ይሄ የብስኩት መጠቅለያ ነው እንዴ?» አለ። ወደ ፀሐይ ሲያነሳው ጣቶቹ ከጀርባ ይታያሉ። ብርማ ቀለም የተቀባ ላስቲክ!

ቁራጩን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ቆሎ እየበላ ነው፣ ከወንበሩም አልተነሳ። ያ ናሙና አሁንም ባንኮኒው ላይ አለ። ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ሁለቱንም አየና ለሂሳብ ሠራተኛዋ «ነይ እዪ፣ ሴትዮዋ መሐንዲስ ሆናልሻለች» አላት። ልጅቷ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ናሙና ናሙና ነው፣ ዕቃ ዕቃ ነው። ደረሰኝሽን አንብቢ» አለኝ። አነበብኩ። «የጣሪያ ሽፋን» ይላል፣ በቃ። አሉሚኒየም የሚል ነገር የለውም። እኔ ገና ደረሰኙን እያየሁ እሱ ያመጣሁትን ቁራጭ አንስቶ የቆሎውን ገለባ ከባንኮኒው ጠራረገበት። ከዚያም ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ማስረጃዬን! ገንዘቡን እንኳ ተዉት፣ እሷ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ደግሞ ሲሸጥልኝ «ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው ይምቱት» ብሎኝ ነበር። መሐንዲስ ጎረቤቴ ሲሰማ ራሱን ያዘ። በሚያብረቀርቀው ፊት በኩል ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር የአየር ክፍተት ከሌለ፣ አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ከቆርቆሮው ተቀብሎ ያሳልፈዋል። ጨረር የሚመልሰው ክፍተት ሲኖር ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ዕቃ ቢሰጠኝም በእሱ ምክር ቆርቆሮውን የነካው ፊት ከንቱ ነበር።

ለምትገዙ፦ ጥቅሉን እዚያው ሱቅ አስፈቱ፣ የስልክ ባትሪ አብሩበት። ብርሃን ካሳለፈ ላስቲክ ነው። የዕቃውን ዓይነትና ውፍረት ደረሰኙ ላይ አጽፉ። እውነተኛው ከተገኘ ደግሞ የቤቱን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ሳታጠፉ ጣሪያ ላይ እንዳታስመቱ፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ፎይል ሲያነጥፉ በኤሌክትሪክ የሞቱ ሠራተኞች አሉ።

ነገ ጠዋት ደረሰኜንና የቀረውን ጥቅል ይዤ ንግድ ቢሮ ነኝ። እንደኔ የተሸጠላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።