ለቢራቢሮ ትምህርት የገዛኋት የዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ፦ ከ9 ወር በኋላ

ይቺን ማይክሮስኮፕ የገዛኋት ባለፈው መስከረም ነው። ከወፍራም ማርከር ብዙም አትበልጥም። በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ፣ በኦቲጂ (ዩኤስቢን ከስልክ ጋር በምታያይዝ ትንሽ መሰኪያ) ደግሞ ከስልክ ጋር ትገናኛለች፤ ጫፏ ላይ 8 ጥቃቅን መብራቶች አሉ። ስም የሚባል የላትም። ሳጥኗ ላይ ግን «1600 እጥፍ ታጎላለች» ይላል። ውሸት ነው። እንዲህ ባሉ ርካሽ መሣሪያዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምስሉን ስክሪን ላይ ለጥጦ የሚገኝ እንጂ የሌንሱ አቅም አይደለም። የሽንኩርት ሕዋስ ላሳይ ብዬ ያየሁት ጭጋግ ብቻ ነው። ሕዋስ ለማየት የምትፈልጉ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እኔ የገዛኋት ለሌላ ነው። ባሕር ዳር 4ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ አራት ክብ ሥዬ በቀስት አያይዤ፣ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ ብዬ አልፈው ነበር። ልጆቹም በቃላቸው ይወጡታል። እንቁላሉን ያየ ግን የለም፤ እውነት ለመናገር እኔም አላየሁም ነበር።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ግቢያችን ያለው ሎሚ ለጋ ቅጠል አወጣ። ያቺ ጥቁርና ቢጫ ክንፍ ያላት ትልቋ የሎሚ ቢራቢሮ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ለጋው ላይ ትጥላለች። እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ቅጠሉን ከነዘንጉ ቆርጬ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ተከልኩት (አፉን በጥጥ መድፈን እንዳትረሱ፣ ትሎቹ ውሃ ውስጥ ይወድቃሉ)፤ ምስሉንም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አወጣሁት። ብርቱካን የሚያህል ቢጫ ኳስ ሆነ። «ቲቸር፣ ያቺ ነጥብ ናት?» አለች ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ። ከቀናት በኋላ ጠቆረ፤ የትሉ ጭንቅላት በቅርፊቱ ውስጥ ይታይ ጀመር። ዓርብ ጠዋት ተፈለፈለና መጀመሪያ የበላው የራሱን ቅርፊት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሥዬው አላውቅም።

ለኔ የመሣሪያዋ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ክፍሌ ውስጥ ልጆቹ ብዙ ናቸው። በእጅ ማጉያ መነጽር ተራ በተራ ሲያዩ የመጨረሻው ሲደርሰው ትሉ ዞሮ ሄዷል። እዚህ ግን ሁሉም አንዱን ነገር በአንድ ጊዜ ያያሉ፣ ይከራከራሉ። ትንሹ ትል ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንዱ ልጅ «የወፍ ኩስ ነው!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አልተሳሳተም፤ ትሉም የሚፈልገው ወፎች እንደዚያ እንዲያስቡ ነው። በእርሳስ ነካ ሲደረግ ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል። ሽታውን ስክሪን አያመጣውምና እሱን በተራ አሸተቱ።

ሎሚውን የሚያጠጡት ዘበኛችን ናቸው። «መምህር፣ እኔ ይሄን ትል ስለቅም ነው የኖርኩት፤ አንተ ታሳድገዋለህ?» አሉኝ። ቀንዱን ስልኬ ላይ ሳሳያቸው ሳቁና አንዱን ቅርንጫፍ ለልጆቹ ተዉልን።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ፎከስ የምታደርገው በሁለት ርቀት ብቻ ነው፤ ወይ በጣም ቀርቦ ወይ ትንሽ ራቅ ብሎ። መካከለኛ የለም። መቆሚያዋ ቀላል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ በመስኮት ሲገባ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ዘዴው መስኮቱን መዝጋትና መቆሚያው ላይ ድንጋይ መጫን ነው። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩም ይጠፋል። መሣሪያዋ ከስልክ ኃይል ወስዳ ትሠራለች፤ ግን ያን ሁሉ ልጅ አንድ ስልክ ላይ ማሰባሰብ ወደ ድሮው ግፊያ መመለስ ነው። ኢንተርኔት አለመፈለጓ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ትሉ አረንጓዴ ሆኖ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ ስክሪኑ አይበቃውም፤ ያኔ መሣሪያዋ መሳቢያ ትገባለች። ለሙሽሬው ስልክ ይሻላል። ታይም ላፕስ (በየተወሰነ ጊዜ ፎቶ እያነሳ ቪዲዮ የሚያደርግ የካሜራ ዘዴ) ላይ አድርጌ፣ ከፓወር ባንክ ጋር አያይዤ ሌሊቱን ተውኩት። ንጋት ላይ ቅርፊቱ ተከፍቶ እርጥብና የተጨማደደ ክንፍ ይዛ ስትወጣ፣ ክንፏ ፈሳሽ እየተሞላ ሲዘረጋ ተቀርጿል። ወዲያው ከጅራቷ ፈሳሽ ጣለች። «ሸናች!» ብለው ሳቁ፤ በሙሽሬነት ጊዜዋ ያጠራቀመችው ነው ብዬ አስረዳሁ።

መሳቢያ የገባችውን መሣሪያ እንደገና ያስወጣን ሌላው ሙሽሬ ነው። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሦስተኛው ገባ፣ ቢራቢሮ የለም። አንድ ቀን ላዩ ላይ ቀዳዳ አየን፤ ሙሽሬው ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ልጆቹ ጉንዳን ነው አሉ። ማይክሮስኮፗ ሥር ስናደርጋቸው ክንፍ አላቸው፤ ተርብ ናቸው። እናታቸው እንቁላሏን እዚያ ጥላ ነበር፤ ጫጩቶቿ የቢራቢሮዋን ሙሽሬ ከውስጥ በልተው ጨረሱት። አንዷ ተማሪ አለቀሰች። ሌላው «ታዲያ ለሎሚው ጥሩ ናቸው ማለት ነው» አለ። ለዘበኛው ስነግራቸው የልጁን ሐሳብ ደገፉ። የዚያን ዕለት ውይይት ደወሉ ነው ያቋረጠን።

እንደገና ልግዛ ቢባል እገዛለሁ፤ ለእንቁላሉና ለትንሹ ትል ብቻ። ስማርት ስልክ ያለው ሰው በስልክ ላይ የምትቆነጠጠዋን ርካሽ ሌንስ ቀድሞ ቢሞክር አልቃወምም፤ ለአንድ ቤተሰብ ልጆች ትበቃለች። የኔዋ አሁን ገመዷ መሰኪያው ጋ መላላት ጀምሯል፤ ሳልነካው ምስሉ ይጠፋል። ገመዱ ከመሣሪያዋ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መቀየር አይቻልም። በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ ለመጪው ጥቅምት ከደረሰች ዕድለኛ ነኝ።