ደሴና ኮምቦልቻ በቴሌግራም ጨረታ የምትሸጡ፣ ይህን ሳታነቡ ዕቃ ይዛችሁ እንዳትወጡ

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ከሦስት ሳምንት በፊት እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው። ትንሽ ይረዝማል። ግን ዕቃ ለመሸጥ ያሰባችሁ ታገሱኝና አንብቡት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ቤት አለችኝ። ዘንድሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ስገዛ አሮጌዋን ባለ ፔዳል ሲንጀር ለመሸጥ ወሰንኩ። 11 ዓመት እንጀራ የበላሁባት መኪና ናት። ወርቃማው ጽሑፍ መሀሉ ለቋል፣ መቀስ የማስቀምጥበት በኩል እንጨቱ ተፍቋል፣ ስፌቷ ግን አንድም ቦታ አይዘልም። ይህን ሁሉ በፎቶም በጽሑፍም አስቀምጬ የአካባቢያችን ሰው የሚጫረትበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። መነሻ 8,000 ብር፣ ጭማሪ ከ200 ብር ጀምሮ፣ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል።

መጀመሪያ ነገሩ ደህና ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ የማላውቀው አካውንት ቀስ እያሉ 9,400 አደረሱት። ከዚያ ፎቶ የሌለው ሌላ አካውንት መጣና በአንዴ 14,600 ሰቀለ። ግሩፑ ጸጥ አለ። ማን ይጨምራል? እኔም ደስ ብሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሸንፈዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው በውስጥ መስመር መጣ። «እህቴ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሥራ ይዞኝ መምጣት አልችልም፣ ይዘሽልኝ ውረጂ፣ የጭነቱን እኔ እችላለሁ» አለኝ። ቀብድ ስለው «አብሽሪ፣ እንዲህ ላለ ነገር ደግሞ ቀብድ ምን ያደርጋል፣ እጅ በእጅ እንጨርሳለን» አለ። እኔም አመንኩ። ደሴና ኮምቦልቻ እኮ አንድ ቤት ማለት ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ነው ብዬ።

ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ ቤቴን ዘግቼ መኪናዋን ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ወረድን፣ እኔ በየኩርባው ከላይ ያለችው መኪና ትወድቅብኛለች እያልኩ ልቤ ተሰቅሎ። 7 ሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ተቀጣጠርን። «መጣሁ»፣ «ደረስኩ»፣ «አምስት ደቂቃ» እያለ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ብቻውን አይደለም፣ «ባለሙያ» የሚለውን ሰው ይዞ ነው።

ባለሙያው ቁጢጥ ብሎ ጨርቅ አስገባና መዘውሩን ወደ ኋላ አሽከረከረው። ባለ ፔዳል መኪና ወደ ኋላ ሲዞር ክር እንደሚያጠላልፍ አንድ ቀን የሰፋች ልጅ እንኳ ታውቃለች። ክሩ ተጠላልፎ ተበጠሰ። «ይኸው፣ ክር ትበጥሳለች፣ ቺንጋውም አልቋል፣ ከ7,000 በላይ አታወጣም» አለ። ሌላኛው ደግሞ እያዘነልኝ፣ «እህቴ ከዚህ ድረስ ከለፋሽማ 9,000 ልስጥሽ፣ ደግሞ ተሸክመሽ ልትመለሺ ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህች ጥያቄ ናት ዋናዋ። ገበያዬን ዘግቻለሁ፣ ለጭነት ከፍያለሁ፣ እየመሸ ነው፣ ዕቃው ከባድ ነው፣ ሌሎቹ ተጫራቾች ተበትነዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያስጠበቀኝም መንገድ ዘግቶበት አይደለም። አድክሞ መቀነስ ፈልጎ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ አልኩ። ደክሞኝ ነበር። የንግድ ባንክ አካውንቴን ሰጠሁት፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ስክሪንሾት ላከልኝ። ሙሉ ስሜ አለ፣ 9,000 ብር ይላል፣ ተሳክቷል ይላል። እሱም ወዲያው መኪናዋን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። የራሴን አፕ ከፍቼ ሳይ ምንም የገባ የለም። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» አለ። ስክሪንሾቱን አጉልቼ አየሁት። ቀኑ የትናንት ነው! አካውንቴን ከሰጠሁት ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም። «እንግዲያው ባንክ ቤት ገብተን አብረን እናረጋግጥ» ስል ሁለቱም ስልክ ተደወለላቸው፣ «እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ሄዱ አልኳችሁ።

መኪናዬን እንደገና አስጭኜ ማታ ደሴ ገባሁ። ደርሶ መልስ 900 ብር፣ ከአንድ የገበያ ቀን ጋር።

አሁን ደግሞ የባሰው። በማግስቱ ጠዋት ያ 9,400 ብሎ የነበረው የማላውቀው አካውንት ጻፈልኝ። «እህት፣ አሸናፊው ቀረብሽ አይደል? እኔ በ8,000 ልውሰዳት» ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። ለአድሚኑም፣ ለግሩፑም፣ ለጎረቤቴም። እሱ ከየት አወቀ? ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በማስረጃ ላሳያችሁ አልችልም፣ እኔ ግን አልጠራጠርም። ከሴቶቹ አንዷን ደውዬ ጠየቅኳት፣ «እኔ እስከ 11,000 ልሄድ ነበር፣ 14,600 ሳይ ተውኩት» አለችኝ። ዘዴው ይኸው ነው። አንዱ ማንም የማይደርስበት ዋጋ ሰቅሎ እውነተኛ ገዢዎችን ያባርራል፣ ከዚያ ይቀራል ወይም ያደክማል፣ ሌላው ከታች ሆኖ በርካሽ ይለቅማል። መኪናዋን የወሰደችው ያችው ሴት ናት። ቤቴ መጥታ ቁጭ ብላ የትራስ ልብስ ሰፍታ አይታ በ10,500 ወሰደቻት።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ነገርኩት። እዚያም አስቸጋሪ ገዢ ሞልቷል አለኝ፣ እንዲያውም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ ለገዢ መጥፎ አስተያየት መስጠት አይችልም። ግን ቢያንስ የሰጡትን ዋጋ መሰረዝ የሚቻለው በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው፣ ገዢው በአራት ቀን ካልከፈለም ሻጩ ሽያጩን ይሰርዛል። እኛ ግሩፕ ላይ ይህ የለም። ደንቡን የምናወጣው እኛው ነን፣ ስለዚህ ከጨረታው በፊት ጻፉት።

እኔ አሁን እንዲህ አድርጌ ነው የምለጥፈው። ያሸነፈ በ12 ሰዓት ውስጥ ቀብድ ካላስያዘ ዕቃው ለሁለተኛው እሱ በሰጠው ዋጋ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ካላማረኝ ደግሞ እንደ አዲስ እከፍተዋለሁ። ርክክብ ደሴ፣ ቤቴ ወይም ባንክ ቤት በር ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት። ዕቃው ሲሠራ ቪዲዮ አነሳለሁ፣ ጉድለቱን ራሴ ቀድሜ እናገራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቦታው ላይ ቆሞ ዋጋ መቀነስ የለም። የምሬን ነው፣ ቀብድ ስትጠይቁ የሚቆጣ ገዢ ቢቀርባችሁ ምንም አልጎደለባችሁም።

ክፍያ ላይ ደግሞ ስክሪንሾት አትመኑ። የሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ምስል ገንዘብ አይደለም። የራሳችሁን አፕ ክፈቱ፣ ቀሪ ሂሳባችሁ ጨምሯል ወይ? የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ (FT) የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ተቀበሉ፣ ካላመናችሁ ቅርንጫፍ ግቡ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተራ የሞባይል ቁጥር «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ሌባ ነው። «በስህተት ጨምሬ ላክሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» የሚልም አለ፣ ሂሳባችሁን ሳታዩ አንድ ብር እንዳትልኩ። ፒን ወይም ስልካችሁ ላይ የመጣ ኮድ የሚጠይቅማ ገዢ አይደለም፣ ዝጉት።

ከተጭበረበራችሁ ቻቱን እንዳታጠፉ። ንዴት ይዟችሁ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት የአካውንቱን ስም፣ ሐሰተኛውን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡና ፖሊስ ጋ ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልን ወንጀል አድርጎታል፣ «ይሄ የግል ጉዳይ ነው» ብሎ የሚመልሳችሁን ሰው አዋጁን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ።

ዝም ብሎ የሚያሰለች ገዢ ሌላ ነው። ጨረታው ከተዘጋ በኋላ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል፣ ሌሊት 6 ሰዓት ሌላ ፎቶ የሚጠይቅ። ይህ ሌባ አይደለም፣ መግዣ አጥሮት ነው ወይም ፈርቶ ነው። በትዕግሥት መልሱለት፣ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚገዛው እሱ ነው።

ያ ፎቶ የሌለው አካውንት እስከ ዛሬ ግሩፑ ውስጥ አለ። ለአድሚኑ ነግሬያለሁ፣ አልተባረረም። ትናንት ማታ አንዲት የኮምቦልቻ እናት ፍሪጅ ለጥፋ ከ15,000 ወደ 22,000 በአንዴ ሲሰቅልባት አየሁት። በውስጥ መስመር ጻፍኩላት፣ ገና አላየችውም።